የወፍጮው ዕዳ በሬውን እንዳይነዳ

ወፍጮ በግል ስሙ የተከለ ገበሬ ንግዱ ቢከስር አበዳሪው ከወፍጮው አልፎ ሌላ ንብረቱን ይጠይቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋመ ግን ለዕዳው የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው፤ እርሱ የሚያጣው መዋጮውን ብቻ ነው።

በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቢያንስ 2 አባላት ያስፈልጉ ስለነበር የሚስትን ወይም የዘመድን ስም ለይስሙላ ማስገባት የተለመደ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውንም እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ካፒታሉ ከ15 ሺህ ብር ማነስ የለበትም። መመሥረቻ ጽሑፉም በንግድ መዝገብ መግባት አለበት።

ዋናው ጥንቃቄ ከምዝገባው በኋላ ነው። የወፍጮው ገቢና የጓዳው ወጪ በአንድ ኪስ መዋል የለባቸውም። ባለቤቱ ለማኅበሩ ብድር በግሉ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ደግሞ ለዚያ ብድር ከለላው ቀረ። ስለዚህ ውል ይዞ ምክር ለሚጠይቅ ገበሬ፣ የማኅበሩ መሪ አስቀድሞ የሚመለከተው ፊርማው በማን ስም እንደሆነ ነው።