የዓሣ ጫጩቶች ፍርሃትን ከማን ይማራሉ?

ከጉንደ ወይን ደጋ ቁልቁል የሚወርዱት ጅረቶች መድረሻቸው ዓባይ ነው። በዓባይና በገባሮቹ የሚኖረው ባርበስ ዕንቁላሉን በጠጠር ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ጫጩቶቹም ያለ ወላጅ ጥበቃ ያድጋሉ። ታዲያ ጠላታቸውን በምን ያውቁታል?

መልሱ የሚገኘው በማሽተት ችሎታቸው ነው። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳስረዳው፣ የባርበስ ዘመድ የሆነችው ሚኖ የተባለች ትንሽ የአውሮፓ ዓሣ ቆዳዋ ሲቆስል ወደ ውሃው የሚገባው ንጥረ ነገር ጓደኞቿን ያስበረግጋቸዋል። ይህ ፍርሃት ከትውልድ የሚገኝ ነው፤ አዳኙን መለየት ግን ትምህርት ይጠይቃል። ጫጩቷ የቁስሉን ሽታና የማታውቀውን አዳኝ ሽታ አንድ ጊዜ እንኳ አብራ ካሸተተች፣ ከዚያ ወዲህ የአዳኙ ሽታ ብቻውን ሊያሸሻት ይችላል። ፓቭሎቭ በውሻ ላይ ያሳየው የማጣመር ትምህርት ይኸው ነው።

በገንዳ ተፈልፍለው ወደ ኩሬና ግድብ የሚለቀቁ ጫጩቶች ይህን ትምህርት አላገኙም። አምባዛ በሚያድንበት ውሃ ውስጥ የመጀመሪያው ስህተት የመጨረሻቸው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ጫጩቶችን ከመልቀቅ በፊት ከአዳኙ ሽታ ጋር ማለማመድ በልዩ ልዩ አገሮች ተሞክሯል። የእኛም ዓሣ አርቢዎች ከመኖው ጎን ለጎን ለዚህ ትምህርት ቦታ ሊሰጡት ይገባል።