አንቀጽ 620 እና ሁለት ቃላቱ

ጠላፊ ልጅቷን ከውኃ መንገድ አፍኖ ይወስዳታል፣ ይደፍራታል፣ በማግስቱ ሽማግሌ ይልካል። ልጅቷ «በፈቃዷ» ካገባችው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋውን ክስ ይተውለት ነበር። ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ይህን በር ዘጋው፤ ጠልፎ ማግባት ከተጠያቂነት አያድንም። ጠለፋው ላይ መድፈር ከታከለበትም ቅጣቱ በአንቀጽ 620 ይታያል።

620ን ረጋ ብሎ ማንበብ ይገባል። ዋና ጥያቄው «ፈቅዳለች ወይ?» ሳይሆን «በምን ተሸነፈች?» የሚል ነው፦ በኃይል? በብርቱ ዛቻ? ራሷን አስቷት ወይስ መከላከል እንዳትችል አድርጓት? ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ እንዳልፈለገች ብቻ ሳይሆን እንደተገደደችም ማስረዳት አለበት። ድንጋጤ አደንዝዟት ሳትጮህ የቀረች ሴት መዝገብ የሚከብደው ለዚህ ነው። መነሻ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ወይም ወንዶች ተባብረው ከደፈሯት ጣሪያው 20 ዓመት ይሆናል፤ ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ።

ከሕፃን ጋር ሲሆን መገደድም አይጠየቅም። «እሷም ወዳ ነው» የሚል መከላከያ አይሠራም፤ ዕድሜዋ ከ13 በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቃላት፦ «ከጋብቻ ውጪ»። ሕጉ መድፈር የሚለው ከጋብቻ ውጪ የተፈጸመውን ብቻ ነው። ባል ሚስቱን ቢደበድብ በአካል ጉዳት ይከሰሳል፤ አስገድዶ ቢተኛት 620 አይነካውም። ጠላፊው ቢያገባት ያለፈው ጥፋቱ አይታጠብለትም፣ ከሠርጉ በኋላ ለሚያደርገው ግን ይኸው አንቀጽ ዝም ይላል። በበኩሌ ይህን የሕጉ ትልቁ ነውር እለዋለሁ።

ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው፤ ይህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው፣ ሊነካም አይገባም። የዓይን ምስክር በማይገኝበት ወንጀል ታዲያ ገላና ልብስ ብዙ ይናገራሉ። ስለዚህ የደረሰባት ሴት ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ ሐኪም ቤት ትሂድ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ካረገዘችና ጽንሱን ማቋረጥ ከፈለገች ደግሞ ማንም ማስረጃ አምጪ ሊላት አይችልም፤ በአንቀጽ 552 መሠረት፣ ተደፍሬ ነው ያረገዝኩት ማለቷ ብቻ ይበቃል።