ያልተነገረው ቁጥር

በሩ ይከፈታል። አንድ የንግድ ባለቤት ረጅሙን መተላለፊያ አልፎ አምስት ባለሀብቶች ፊት ይቆማል። ስሙንና የሚሠራውን ነገር ካስተዋወቀ በኋላ «100,000 ዶላር እፈልጋለሁ፤ 10 በመቶ ድርሻ እሰጣለሁ» ይላል።

ዋናው ቁጥር ግን ገና አልተነገረም። ከመቶ አሥር እጁ 100,000 ካወጣ፣ ሙሉው ድርጅት 1 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ባለሀብቶቹ ይህን ወዲያው ያሰሉታል፤ ጥያቄያቸውም ከዚያ ይነሣል። ባለፈው ዓመት የተሸጠው ስንት ነው? አንዱን ዕቃ ለመሥራት ስንት ይፈጃል? ስንት ያተርፋል? የሚያወጡት የራሳቸውን ገንዘብ ስለሆነ ጥያቄው ጠበቅ ይላል።

ይህ ዓይነቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት የተወለደው ጃፓን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ባለሀብቶቹም «ነብሮች» ይባሉ ነበር። በ2005 ብሪታንያ ስትወስደው ነብሩ ዘንዶ ሆነ። በ2009 አሜሪካ «ሻርክ ታንክ» ብላ ሻርክ አደረገችው። ጀርመንና ኬንያ ደግሞ አንበሳን መረጡ። አውሬው በየአገሩ ቢለዋወጥም ሒሳቡ ያው ነው።

በ2012 አሮን ክራውስ የተባለ አሜሪካዊ «ሻርክ ታንክ» ላይ ፈገግ ያለ ፊት ያለው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይዞ ቀረበ። ስፖንጁ በቀዝቃዛ ውኃ ይጠነክራል፣ በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል። የጠየቀው 100,000 ዶላር ለ10 በመቶ ነበር። ከባለሀብቶቹ አንዷ ሎሪ ግራይነር 200,000 ዶላር ለ20 በመቶ ሰጥታ ተስማሙ። ገንዘቡም ድርሻውም እጥፍ ሆነ፤ የድርጅቱ ዋጋ ግን ከ1 ሚሊዮን ንቅንቅ አላለም። ክራውስ ብዙ ድርሻ ለቀቀ እንጂ ዋጋውን አላረከሰም። «ስክረብ ዳዲ» የተባለው ያ ስፖንጅ ከዝግጅቱ ስኬታማ ምርቶች አንዱ ሆነ።

ገንዘብ ሁሉ ግን በአንድ መልክ አይመጣም። በ2013 ጄሚ ሲሚኖፍ የተባለ ሌላ ሰው እዚያው ዝግጅት ላይ ደጅ ላይ የቆመውን ሰው በስልክ የሚያሳይ የበር ደወል አቀረበ፤ 700,000 ዶላር ለ10 በመቶ ጠየቀ። ከባለሀብቶቹ አራቱ ተዉት። አምስተኛው ኬቪን ኦሊሪ ገንዘቡን በብድር ልስጥ አለ፦ ዕዳው እስኪያልቅ ከሽያጩ 10 በመቶ፣ ካለቀም በኋላ ሳይቋረጥ 7 በመቶ፣ በዚያ ላይ 5 በመቶ ድርሻ። ሲሚኖፍ እንቢ ብሎ ባዶ እጁን ወጣ።

እንቢታው የኩራት ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሒሳብ ነው። ከትርፍ የሚከፈል ድርሻ ትርፍ እስኪመጣ ይታገሣል። ከሽያጭ የሚቆረጥ ገንዘብ ግን ድርጅቱ እየከሰረም ቢሆን ይቆረጣል። ገና ለሚያድግ ንግድ ይህ ከባድ ሸክም ነው። ብድር ከእነ ወለዱ ሲከፈል ከአበዳሪው ጋር ያለው ጉዳይ ያበቃል፤ በዚህ ውል ግን ዕዳው ካለቀም በኋላ ማሰሪያው አይፈታም።

ተመልካች ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በቴሌቪዥን አሥር ደቂቃ ገደማ የሚታየው ድርድር በቀረጻው ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። እጅ መጨባበጡም የመጨረሻው ውል አይደለም። ባለሀብቱ ከዚያ በኋላ መዝገቡን፣ ዕዳውንና የባለቤትነት ማስረጃውን ያስመረምራል፤ በዚህ መሐል የሚፈርስ ስምምነት ጥቂት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ዝግጅቱን እወደዋለሁ። የብዙዎቻችን ንግድ የሚጀመረው በዕቁብ ወይም ከዘመድ በተገኘ ገንዘብ ነውና ሥራችን በጠቅላላው ስንት እንደሚያወጣ የሚጠይቀን የለም። አምስቱ ወንበሮች ይህን ጥያቄ ያስጠይቃሉ፤ ማንም ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ለራሱ ሊመልሰው ይችላል።

የሲሚኖፍ ድርጅት በኋላ «ሪንግ» ተባለ። በ2018 አማዞን ገዛው፤ ዋጋው ከ1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ተዘገበ። በዚያው ዓመት ሲሚኖፍ ወደ ዝግጅቱ ተመለሰ፤ ይህን ጊዜ የተቀመጠው ከባለሀብቶቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ነበር።