ሳይጠሩት በቤት ኮምፒዩተር ላይ ስለሚመጣ ማስታወቂያ

በወልድያ ከተማና ከዚያም ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ባለችው በሀብሩ ወረዳ ከተማ በመርሳ፤ ኮምፒዩተር በብዙ ሰው ቤት ገብቶ አባት ደብዳቤውን ይጽፍበታል፤ ልጆችም ትምህርታቸውን ይመለከቱበታል። ይህም የሚያስመሰግን ነገር ነው። ዳሩ ግን ጥቂት ጊዜ እንደ ቈየ፤ ባለቤቱ ያልጠራው እንግዳ በመስኮቱ ላይ ብቅ እያለ «ሽልማት ደርሶሃል፤ ኮምፒዩተርህ ታሟል፤ ይህን ተጫን» በማለት ያስቸግራል። አንዳንዱም ከዚህ የከፋ ነው፤ ለሕፃን ቀርቶ ለሽማግሌ የሚያሳፍር ሥዕል ይዞ ይመጣል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ይህን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለመጻፍ ያነሣሣን በመሣሪያው ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ይልቅ በቤተ ሰቡ መካከል የሚነሣው ጥርጥር ነው። አባት ወደ ቤቱ ሲገባ እንዲህ ያለውን ሥዕል ተከፍቶ ቢያገኝ፤ በፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ይቈጣል፤ ይገርፋልም። ልጁ «እኔ አልከፈትሁትም» ቢል የሚያምነው የለም። እኛ ግን ሥራችን የፍርድ ነገር ነውና፤ ነገሩ ሳይጣራ ቅጣት መቅደም የለበትም እንላለን። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ፤ ልጁ የሒሳብ መልመጃ ሲፈልግ ወይም የፈተናውን ውጤት ሲመለከት በገዛ ራሱ ሊከፈት ይችላል። ማን እንዳስገባውም ቢጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ አባትየው ራሱ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የተጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግድም በአሜሪካ ነው። ኢታን ዙከርማን የሚባል ሰው ትራይፖድ በተባለው ድርጅት ሲሠራ፤ ማስታወቂያው ከገጹ ጽሑፍ ጋር እንዳይደባለቅ ብሎ በተለየ መስኮት የሚከፍተውን ትእዛዝ ጻፈ። በ2014 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሥራው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው መልካም ነው፤ መስኮቱ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ማይክሮሶፍት በ2004 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ መከልከያ አደረገበት፤ ዛሬም ክሮምና ፋየርፎክስ ይህን መስኮት በራሳቸው ይከለክላሉ። ስለዚህ ማስታወቂያ አብዢዎቹ ሌላ በር ፈለጉ።

አንደኛው በር የባለቤቱ የራሱ ፈቃድ ነው። ፊልም ለማየት ወይም መጽሐፍ ለማውረድ በተከፈተ ገጽ ላይ «ሰው መሆንህን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ተጫን» የሚል ቃል ይወጣል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ «አላው» ማለት ገጹ ወደፊት መልእክት እንዲልክ መፍቀድ ነውና። ከዚያ ወዲያ ገጹ ቢዘጋም እንኳ በኮምፒዩተሩ ቀኝ ታችኛ ማዕዘን ማስታወቂያው ይዘንባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በክሮም ላይ በስተቀኝ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ «ሴቲንግስ»፤ ከዚያም «ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን መክፈትና፤ የማይታወቀውን ገጽ ስም ሁሉ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር መሰረዝ ነው። በብዙ ቤት ችግሩ በዚሁ ያልቃል።

ሁለተኛው በር የባሰ ነው። አድዌር የሚባለው ፕሮግራም በሌላ ፕሮግራም ጉያ ተሸሽጎ ይገባል። ከ2014 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ሌኖቮ የሸጣቸው አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ሱፐርፊሽ የሚባለውን ማስታወቂያ አምጪ ከፋብሪካ ይዘው ወጥተው ነበርና፤ አዲስ ዕቃ መግዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በእኛ አገር ግን ዋናው አስገቢ ፍላሽ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፤ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፍላሽ በቀር ፕሮግራም ማግኛ ለብዙ ሰው አልነበረም። ዋጋ ሳይከፈልበት በስርቆሽ የሚከፈተው ፕሮግራም ደግሞ አስቀድሞ «ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ብሎ ያዛል። ዘበኛውን አስወጥቶ ቤት መክፈት ማለት ይህ ነው። እንዲህ የገባው አድዌር ኢንተርኔት እስኪመለስ ዝም ብሎ ይቀመጥና መስመሩ ሲከፈት ይነሣል።

ይህን ለማስወጣት በዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ» የሚለውን ከፍቶ፤ ዝርዝሩን በገባበት ቀን አሰልፎ፤ ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን እንግዳ ፕሮግራም መንቀል ይገባል። በክሮም ውስጥ «ኤክስቴንሽንስ» በሚባለው ክፍል ያለውንም እንዲሁ ማስወገድ ነው። ቀጥሎ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ዲፌንደር አብርቶ መላውን ኮምፒዩተር ማስፈተሽ፤ ደግሞም «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» በሚለው ክፍል የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚከለክለውን ማብራት ያስፈልጋል። ይህ ካልበቃ አድው ክሊነር የሚባለው ያለ ዋጋ የሚሰጥ ማጽጃ አለ፤ ነገር ግን ከሠሪው ከማልዌርባይትስ ገጽ ብቻ ይወሰድ፤ በስሙ የሚነግዱ አሉና። ዊንዶውስ 10 ያላቸው ደግሞ፤ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳበቃ ይወቁ።

እየጮኸ መስኮቱን ሁሉ የሚሸፍንና «በዚህ ስልክ ደውል» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፤ አይደወልለት። የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቍጥር አይጽፍም። «ኦልት» የሚባለውን ቍልፍ ከ«ኤፍ 4» ጋር መጫን ይዘጋዋል፤ እምቢ ካለም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት፤ ሲነሣም የቀድሞውን ገጽ መልሶ አለመክፈት ነው። የባንክ ወይም የቴሌብር ምስጢር ቍጥር በእንዲህ ያለ መስኮት ላይ የጻፈ ሰው ግን ሳያድር ለባንኩ ያመልክት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ ማስታወቂያ መላክን እንኳ የሚያስቀጣ ቢሆንም፤ ላኪው ከባሕር ማዶ ሲሆን ከሳሽ ተከሳሹን ለማግኘት ይቸገራል።

ወላጆች ለልጆቻቸው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የተለየ መግቢያ ቢከፍቱላቸው እጅግ ይረዳል። መግቢያው «ስታንዳርድ» የሚባለው ዓይነት ከሆነ፤ የኮምፒዩተሩን ሥርዓት የሚነካ ፕሮግራም ለመትከል ሲሞከር የአባት ወይም የእናት የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ቃሉን በወረቀት ጽፈው በኮምፒዩተሩ ጠርዝ ላይ የሚለጥፉ አባቶችን አይተናል፤ ለእነዚህ የምንሰጠው ሌላ ምክር የለንም።