የማይቆመውን ስለ ማንሳት፤ የፎቶግራፍ ትምህርት በሐረር

ፎቶግራፍ ማንሳት ለተማሪ ከሚስማሙት የትርፍ ጊዜ ሥራዎች አንዱ ነው። ቀድሞ ካሜራና ፊልም ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ በኪሳቸው የእጅ ስልክ ስላላቸው ካሜራ አላቸው ማለት ነው። ዳሩ ግን የመሣሪያው መገኘት ብቻ ሰውን ፎቶግራፍ አንሺ አያሰኘውም። ቆሞ የሚጠብቀንን ግንብ ማንም ያነሳዋል፤ የሚንቀሳቀሰውን ማንሳት ግን ትምህርት ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚሁ ትምህርት ነው። መማሪያ ስፍራ አድርገን የመረጥነውም ሐረርን ነው።

የባሕር ዳርቻ ባላቸው አገሮች ብዙ ወጣቶች ይህን ሙያ የሚለማመዱት በሞገድ ላይ ነው። በሃዋይ ደሴቶች ሰዎች በጣውላ ላይ ቆመው ሞገድ ይጋልባሉ። ይህንን ጨዋታ ከውሃው መካከል ሆኖ ለማንሳት ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ውሃ የማያስገባ የካሜራ ሣጥን ሠራ፤ ፎቶግራፎቹም በ1935 እ.ኤ.አ. በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተሙ። ሞገድ ለማንም ብሎ አይቆምም፤ ያመለጠው ሞገድም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የሞገድ ፎቶግራፍ አንሺ ውሃው የት ላይ እንደሚሰበርና ፀሐይ በየት በኩል እንደምትውል አስቀድሞ ያጠናል፤ ከዚያም ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅና ቦታ ይዞ መጠበቅ የሚለው ሕግ ለየብስም ያገለግላል።

በመጀመሪያ ስለ ብርሃን እንነጋገር። የሐረር ጀጎል በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደታጠረ ይነገራል። አምስት የታወቁ ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በውስጡ ያሉት መንገዶች ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው፤ የብዙዎቹ ቤቶች ግድግዳም ነጭ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ቀለም ተቀብቷል። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይሸፈናል፤ መንገዱም ግማሹ እንደ ከሰል የጠቆረ፥ ግማሹ እንደ ኖራ የነጣ ሆኖ ይታያል። የተሻለው ጊዜ ጧት እስከ 3 ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ አንዱን ግድግዳ ትመታለች፤ እርሱም ብርሃኑን ለስልሶ በማዶ ለቆመው ሰው ይሰጠዋል።

ሁለት ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፥ አረንጓዴ ግድግዳ አጠገቡ የቆመውን ሰው ፊት አረንጓዴ ያስመስለዋል። ሁለተኛ፥ ካሜራ በነጭ ግድግዳ ይታለላል፤ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልመዋል። መድኃኒቱ የብርሃኑን መጠን በእጅ አንድ ደረጃ ያህል ከፍ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ የፍጥነት ነገር ይመጣል። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው በዳርና ዳር ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ይህ መንገድ ለተማሪ ጥሩ ማስተማሪያ ቤት ይሆነዋል። የካሜራው መዝጊያ ለሴኮንድ 1/1000ኛ ብቻ ቢከፈት፥ የስፌት መኪናው መርፌ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሥዕሉ ጥርት ያለ ቢሆንም መኪናው የሚሠራ አይመስልም። መዝጊያው ለ1/30ኛ ሴኮንድ ቢከፈት ግን መርፌው ይደበዝዛል፤ የሰፊው ፊት ጸጥ ብሎ ሳለ ሥራው ሲፋጠን ይታያል። የባሕር ሞገድም እንዲሁ ነው፤ በአጭሩ ጊዜ እያንዳንዱ ጠብታ ተለይቶ ይታያል፥ በረጅሙ ጊዜ ውሃው እንደ ሐር ይለሰልሳል። ስለዚህ መደብዘዝ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ አንሺው አስቦ የመረጠው መደብዘዝ የሥራው አካል ነው። የሚሮጥ ልጅ ወይም የሚያልፍ ባጃጅ ሲገጥመን ካሜራውን አብረን በእኩል ፍጥነት ብናዞር፥ ልጁ ጠርቶ በስተጀርባው ያለው ግንብ ብቻ ይደበዝዛል።

ከሁሉ የሚከብደው የሌሊቱ ፎቶግራፍ ነው። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ፥ በፈላና በርና በኤረር በር በኩል፥ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ሐረሪዎች ጅብን ወራባ ይሉታል። አብዩ እያንዳንዱን ጅብ በስሙ ይጠራል፤ ሥጋውንም በእንጨት ጫፍ አድርጎ ያጎርሳል። ጅቡ የሚጎርሰው በቅጽበት ስለሆነ፥ አፉን ሲከፍት አይተን ብንጫን የምናገኘው ጀርባውን ነው። ከመጫናችን በፊት ዝም ብለን ጥቂት ጉርሻ ብናይ፥ ከየት በኩል እንደሚመጣና ከመጉረሱ በፊት አንገቱን እንዴት እንደሚያስግግ እናውቃለን። ይህ የሞገዱ ትምህርት ነው።

ፍላሽ ስንጠቀም የብርሃንን ሕግ እናስታውስ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል። በ2 ሜትር የሚበቃ ፍላሽ በ4 ሜትር ሩቡን ብቻ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ከጅብ ዓይን በስተኋላ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለ፥ ከካሜራው ጋር የተያያዘ ፍላሽ ዓይኑን እንደ ፋኖስ ያበራዋል። ፍላሹን ነጥለን በጎን ብንይዘው ይህ ይቀንሳል። ነገር ግን ፍላሽ ከማብራታችን በፊት አብዩን እንጠይቅ፤ እንስሳቱን የሚያውቃቸው እርሱ ነው፥ ቢደነግጡም አጠገባቸው ያለው እርሱ ነው። ያለ እርሱ ፈቃድ ወደ ጅቦቹ መቅረብም ድፍረት እንጂ ሙያ አይባልም።

የመጨረሻው ጉዳይ ሥዕሉ ከተነሳ በኋላ ያለው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር በቡና ንግድ ሲሠራ ካሜራ አስመጥቶ ነበር። በ1875 ዓ.ም. (1883 እ.ኤ.አ.) የራሱን ፎቶግራፎች ለቤተሰቡ በላከ ጊዜ፥ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ሥዕሎቹ እንደነጡ ጽፎላቸዋል። በፊልምና በወረቀት የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሥዕሉን የሚያጸናው መድኃኒት በንጹሕና በብዙ ውሃ ታጥቦ ካልወጣ ከጊዜ በኋላ ሥዕሉን ራሱን ይበላዋል። ዛሬ ማጠቢያ ባያስፈልገንም፥ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ የዓመት ሥራ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሁለት ቦታ ማስቀመጥና የተመረጠውን በወረቀት ማሳተም ያስፈልጋል።

ራምቦ ካነሳቸው መካከል ለቡና መጫኛ የሚሆን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ የሐረር ሰው ይገኝበታል። ፎቶግራፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለእኛ ደርሷል። የአንሺው ስም በዓለም የታወቀ ነው፤ የተነሺውን ግን የምናውቀው በሥራው ብቻ ነው፥ ስሙ ከሥዕሉ ጋር አልተጻፈም። እኛ የአገሩ ልጆች ሆነን ይህንን ብንደግመው ምክንያት አይኖረንም። የሰውየውን ቋንቋ እናውቃለን፤ ባናውቅም የሚያስተረጉምልን ጓደኛ አናጣም። በግድር መጋላ ቅመም የምትሸጥ እናት ፊቷን ብትሸፍን ካሜራውን እናውርድ፤ ብትፈቅድም ስሟንና ቀኑን በማስታወሻ እንጻፍ፥ በሚቀጥለው ጊዜም የታተመውን ይዘንላት እንሂድ። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ሁለተኛ ሲመጣ «ና ተቀመጥ» ይባላል፤ ከተቀመጠ በኋላም ነገሩ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ለማወቅ ጊዜ ያገኛል። ጥሩ ፎቶግራፍም የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።