መቃን የሌለው መስተዋት ለእኛ ቤት ይሆናል ወይ?

ከተማ ስትወጡ ባንክ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ነገር አይታችሁ ይሆናል። በሩ ሁለመናው መስተዋት ነው። ዙሪያውን የያዘው እንጨትም ብረትም የለም። መስኮቱም እንደዚያው ነው። ልቡን ጥሎ የሚሄድ ሰው አየር መስሎት ግንባሩን ይመታል።

ቆርቆሮ ቤት የሠሩ ወይም ሊሠሩ ያሰቡ ሰዎች «እንዲህ ያለው በርና መስኮት ለእኛስ ቤት አይሆንም ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ያ መስተዋት ምን እንደሆነ አስቀድመን እንወቅ።

መስተዋት የሚሠራው ከአሸዋ ነው። አሸዋው ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ በኃይለኛ እሳት ይቀልጣል፤ ከዚያም ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። ተራው መስተዋት ይህ ነው። ሲሰበር እንደ ቢላዋ ሾሎ ይቆርጣል።

ያለ መቃን የሚቆመው ግን ተራ መስተዋት አይደለም። እንደገና ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አስቡ። ከዚያ ቀዝቃዛ ነፋስ በድንገት ይለቀቅበታል። በዚህ ጊዜ ውጪው ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውጪውን አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ከተራው አራት እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሲሰበርም እንደ ሽምብራ ተፈርፍሮ ይወድቃል እንጂ እንደ ቢላዋ አይሾልም።

ይሁን እንጂ አንድ ጠባይ አለው። አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፤ አይበሳም። ግድግዳችሁ ሁለት ጣት ቢጣመም አናጢው የእንጨቱን መዝጊያ ልጎ ያስተካክለዋል። ይህን መስተዋት ግን ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። በሩ ከመታዘዙ በፊት ልኩም ቀዳዳውም ተወስኖ ያለቀ መሆን አለበት።

ክብደቱንስ? እስቲ እናስላ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ መስተዋት 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የበር መስተዋት ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር 25 ኪሎ ይሆናል። በሩ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 45 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል ሊሞላ 5 ኪሎ ብቻ ይጎድለዋል። ይህ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ከታችና ከላይ ባሉ ሁለት ትናንሽ ብረቶች ላይ ነው።

አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። የአባቶቻችን የጣውላ መዝጊያም ማጠፊያ አልነበረውም። ከላይና ከታች ጉጥ ይወጣለትና በጉበኑና በመድረኩ ቀዳዳ ውስጥ ይዞር ነበር። የባንኩ በርም የሚዞረው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ የጣውላው ጉጥ ቢላላ መዝጊያው ይንቋቋል እንጂ አይሰበርም። መስተዋቱ ግን ጠርዙና ማዕዘኑ ደካማ ነው፤ እዚያ ላይ ከተጫነው ድንገት ይፈርሳል።

የጭቃ ግድግዳ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቋሚውን ምስጥ ይበላዋል፤ ቤቱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ይላል። ስለዚህ ለጭቃ ቤት መቃን የሌለው የመስተዋት በር አይሆንም ብለን እንመክራለን። ገንዘቡ ቢኖርም እንኳ አይሆንም።

ከተማ ውስጥ በብሎኬትና በሲሚንቶ የሚያሠራ ሰው ካለ ግን ይችላል። እሱም ቢሆን ሦስት ነገር ይመልከት። መስተዋቱ የጠነከረው ዓይነት መሆኑን ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ላይ ምልክት አለው። ጠርዙ የተላገ ይሁን። ሕፃን እንዳይጋጭበት በልጅና በአዋቂ ዓይን ልክ ባለቀለም ነገር ይለጠፍበት። መቃን ስለሌለው በክፍተቱ አቧራና ዝናብ ይገባል፤ በረንዳ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንመለስ። በገጠርም ያለ መቃን መስተዋት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ግድግዳው ሲመረግ አንድ ቁራጭ መስተዋት እዚያው ጭቃው ውስጥ ይቀብራሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ቤቱም ብርሃን ያገኛል። ፊደል የቆጠረ ሰው ደብተሩን ይዞ ደጅ መውጣት ሳያስፈልገው ቤቱ ተቀምጦ ያነባል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተርና መስተዋቱን ይሰነጥቀዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለመከፈቱ ነው።

መስተዋት ብርሃን ያስገባል እንጂ ጢስ አያስወጣም። ዋናው ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው ቤቱ ብሩህ ሲሆን አየሩም የጸዳ ይመስለዋል።

የሣር ክዳን ጎጆ መስኮት ባይኖረውም ጢሱ በሣሩ መሃል እየሰረገ ይወጣ ነበር። ቆርቆሮ ግን አይተነፍስም። ሣሩን በቆርቆሮ ለውጠን፣ ግድግዳውን አጥብቀን መርገን፣ መስኮቱን በማይከፈት መስተዋት ከደፈንን ጢሱ የት ይሂድ? እንጀራ የምትጋግረው እናትና አንቀልባ ላይ ያለው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ይገባል። ዓይን ያስለቅሳል፤ ያስላል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱት በቤት ውስጥ በሚጨስ ጢስ ምክንያት ነው። መስኮት ብቻውን ይህን ሁሉ አያድንም። ማድ ቤቱን ለይቶ መሥራት፣ የደረቀ እንጨት ማንደድና ጢስ የሚቀንስ ምድጃም ያስፈልጋል። ሆኖም የሚከፈት መስኮት የሌለው ቤት ምንም ቢደረግለት አይጠራም።

«መስኮት ብርድ ያስገባል፤ ምች ያስመታል፤ ሌባ ይጠራል» የሚሉ አሉ። ብርዱ እውነት ነው፤ በተለይ ደጋ ላይ። ታዲያ መዝጊያ የሚሠራለት ለዚህ አይደል? እሳቱ እስኪጠፋ ከፍቶ፣ ጢሱ ሲወጣ መዝጋት ነው። ለሌባው ከውስጥ መቀርቀሪያና ጠንካራ የእንጨት ፍርግርግ ይበቃዋል። ከብርድ የሚከፋው ግን የከሰል ፍም ቤት ውስጥ ትቶ፣ ሁሉን ዘግቶ መተኛት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። ቤተሰቡን እንደተኛ ይገድላል። ፍሙን ከቤት ሳታወጡ አትተኙ።

መስኮቱ የት ይሁን? ትኩስ አየርና ጢስ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ከምድጃው በላይ፣ ጣራው ሥር አንድ ቀዳዳ ይኑር። መስኮቶቹ ደግሞ ፊት ለፊት ይሁኑ፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ደጋ ላይ አንዱን ወደ ምሥራቅ ብታደርጉት የጠዋት ፀሐይ ቤቱን ያሞቀዋል። ቆላ ላይ በምዕራብ በኩል ትልቅ መስኮት አታድርጉ፤ የከሰዓት ፀሐይ ያቃጥላችኋል። ቆላ የወባ ትንኝ አለና የሽቦ ወንፊት ምቱበት። ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመታ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በዚያ በኩል የጣራውን ክፈፍ አስረዝሙ።

ስፋቱን ለማወቅ ደግሞ የወለሉን አንድ አሥረኛ ያዙ። ቤቱ 5 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን ወለሉ 20 ካሬ ሜትር ነው። አንድ አሥረኛው 2 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች ማለት ነው።

ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ የሚከፈት የጣውላ መስኮት አሠሩ። መስተዋቱ ይቆይ። አናጢው መዝጊያው መሃል ላይ የመስተዋት ማስቀመጫ እንዲያወጣና ለጊዜው በጣውላ እንዲሸፍነው ንገሩት። እህል ሲሸጥ መስተዋቱ ይገባበታል።

እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ይጣመማል። መቃኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ገመድ ያዙ። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ለኩ፤ ከዚያ ሌላውን ለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መቃኑ ተጣሟልና ሳይመታ ይስተካከል። መስተዋቱ ከቦታው በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ከተጣበቀ ይሰነጠቃል። የግድግዳው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅም አታስገቡት።

መስተዋቱ ጥላሸት ሲይዝ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። ወልውላችሁ በሳምንቱ ተመልሶ ከጠቆረ ግን ጢሱ ገና አልወጣም ማለት ነው፤ ጣራው ሥር ያለውን ቀዳዳ አስፉት።