ስለ ጐንደር ራስ ግምብ ታሪክና አጠባበቅ

የአገር ታሪክ በብራና ብቻ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም፤ በድንጋይና በኖራም ተጽፎ ይገኛል። ብራናውን ምስጥና እሳት እንዳያጠፋው መጠበቅ የሊቃውንት ሥራ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ድንጋዩንም ዝናምና ቸልተኝነት እንዳያፈርሰው መጠበቅ በከተማው የሚኖር ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ደግ ንጉሥ የኖረበትን ቤት ጠብቁ ቢባል እንቢ የሚል አይገኝም። የሚያስቸግረው ጠላት የተቀመጠበትን፥ ወገንም የተሠቃየበትን ቤት መጠበቅ ነው። በጐንደር ከተማ ከፋሲል ግቢ ውጭ የሚገኘው ራስ ግምብ እንዲህ ያለ ቤት ነው።

ከሳንጃ ቈላ ተነሥቶ በትክል ድንጋይ አድርጎ ወደ ጐንደር የሚወጣ መንገደኛ፥ ከተማው ሲገባ ሁለት ዓይነት ሕንፃ ያያል። አንደኛው ከአፄ ፋሲለደስ ጀምሮ ነገሥታቱ ያሠሩት ግምብ ነው። ሁለተኛው ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የሠሩት ፖስታ ቤት፥ ሲኒማ ቤትና ሌላውም የፒያሳ ሕንፃ ነው። ራስ ግምብ ግን ከሁለቱም ዘመን ድርሻ አለው፤ ግድግዳው የጐንደር ዘመን ሥራ ሲሆን፥ ለጥቂት ዓመታት የባዕድ ሹም ጌታ ሆኖበታል።

ይህ ግምብ ስሙን ያገኘው ከራስ ሚካኤል ስሑል ነው። ራስ ሚካኤል የትግሬ ገዥ ሳሉ በአፄ ኢዮአስ ዘመን ወደ ጐንደር መጥተው፥ ጥቂት ቈይቶ የመንግሥቱን ሥልጣን በእጃቸው አደረጉ። በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ በእርሳቸው ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ ንጉሥ አንጋሹ ራስ እንጂ ዘውዱ እንዳልሆነ ለሁሉ ተገለጠ፤ የመሳፍንት ዘመን የሚባለውም ከዚያ ጀምሮ ይቈጠራል። በ1763 ዓ.ም. በሰርባኩሳ ጦርነት ድል ሆነው ከጐንደር ተነሡ። ይህን ጦርነት በዓይኑ ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ በመተማ በኩል ወደ ስናር መሻገሩ፥ ጐንደርና የምዕራቡ ቈላ ከጥንት ጀምሮ በአንድ መንገድ የተሳሰሩ መሆናቸውን ያስረዳል።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጐንደርን ያዘ። ወራሪዎቹም አማራ ብለው ለሰየሙት ግዛታቸው ከተማዋን ዋና መቀመጫ አደረጓት። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት ባወጣው ፕላን የነጮች ሠፈርና የአገሬው ሰው ሠፈር ተለያይተው እንዲሠሩ ታሰበ፤ ባለአገሩ በገዛ ከተማው እንግዳ ሆኖ እንዲኖር ማለት ነው። ራስ ግምብም በዚያን ጊዜ የኢጣልያ ጄኔራል መኖሪያ ሆነ። ገዥ የኖረበትን ግምብ መርጦ መቀመጥ ድንገት የተደረገ ነገር አይደለም፤ ሕዝቡ ቀድሞ ከሚያከብረው ደጃፍ ላይ ቆሞ ማዘዝ ለወራሪ ትልቅ ጥቅም ነበረውና ነው።

ነገር ግን ጄኔራሉ በግምቡ ውስጥ ሲቀመጥ፥ በአርማጭሆ ቈላ ያሉ አርበኞች በዋሻና በዛፍ ጥላ ያድሩ ነበር። አሞራው የተባሉትን ውብነህ ተሰማን የመሳሰሉ የጦር አለቆች ሠራዊታቸውን ይዘው በዚያ በረሃ ጸኑ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኰሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት የእንግሊዝ ጓድ ከሱዳን ተነሥቶ ከመተማ ሳይርቅ ድንበሩን ሲሻገር፥ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር የነጻነት በር ሆነ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጄኔራል ናዚ የሚታዘዘው የመጨረሻው ትልቅ የጠላት ጦር በጐንደር እጁን ሰጠ።

ከነጻነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጐንደርን ሲጎበኙ በራስ ግምብ ያርፉ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ያው ቤት ዜጎች የሚታሰሩበትና የሚሠቃዩበት ስፍራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። እንግዲህ አንድ ቤት የመስፍን አዳራሽ፥ የወራሪ ማረፊያ፥ የንጉሠ ነገሥት እልፍኝና የእስረኛ ጕድጓድ ሆኖ አለፈ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ክፉ ነገር የተደረገበት ቤት ቢፈርስ ይሻላል ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ከቍጣ የመጣ ነውና አያስነቅፍም፤ ሆኖም ትክክል አይደለም። ቤት ጌታውን አይመርጥም። ግምቡ ቢፈርስ የሚጠቀመው የተበደለው ሳይሆን በዳዩ ነው፤ ምስክሩ ጠፍቶለታልና። ሌላው ሰው ደግሞ የከበረውን ዘመን ብቻ አሳይተን የከፋውን እንሸፍን ይል ይሆናል። ይህም እንደ ማፍረስ ያህል ነው፤ ድንጋዩን አቁሞ ታሪኩን መጣል ነውና።

የድንጋዩ አጠባበቅ የራሱ ጥበብ አለው። የጐንደር ግምቦች የታነጹት በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ተቃጥሎ በውሃ ከበረደ በኋላ ቀስ እያለ ይጠነክራል፤ በግንቡም ውስጥ የገባውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ፈጥኖ ይደርቃል፤ ከድንጋዩም ይልቅ የጠነከረ ስለ ሆነ እርጥበቱን በውስጡ ያፍነዋል፤ ከዚህም የተነሣ ድንጋዩ ከጠርዙ እየተፈረፈረ ይሄዳል። በወረራው ዘመን በፋሲል ግቢ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለኋለኞቹ ጠጋኞች ችግር ሆኖ መገኘቱ ለዚህ ትምህርት ነው። ስለዚህ አሮጌ ግምብ በአሮጌው ጥበብ ሊጠገን ይገባዋል። አዋጅ ቍጥር 209/1992ም የማይንቀሳቀስ ቅርስ ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይሠራ የሚከለክለው በቅን አሳብ የሚደረግ ጥፋት እንዳይበዛ ነው።

ከትልቁ እድሳት ይልቅ ትንሹ የዘወትር ሥራ ይበልጣል። ከክረምት በፊት አሸንዳውን መጥረግ፥ በግድግዳው ስንጥቅ የበቀለውን ሾላ ሥሩ ሳይሰፋ መንቀል፥ የተነቀለችውን አንዲት ድንጋይ በጊዜዋ መመለስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የማይሰለች ሰው ነው። ይህ ከቀረ፥ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ወጪ ተደርጎ የሚሠራው ሥራ የጠፋውን አይመልሰውም።

በቤቱ ውስጥ ለሚነገረውም ታሪክ እንደዚሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአርማጭሆና የመተማ አርበኛ የድንጋይ ቤት አልሠራም፤ ያደረበት ዋሻም ስሙን አይናገርም። ጠላቱ የተቀመጠበት ቤት ግን ቆሟል። ከሳንጃ የመጣ ተማሪ ወደ ራስ ግምብ ሲገባ፥ ጄኔራሉ በየትኛው ክፍል እንደ ተኛ ሰምቶ አያቱ በየትኛው ቈላ እንደ ተዋጋ ሳይሰማ ቢመለስ፥ ቤቱ አሁንም የጄኔራሉ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም ሰምቶ፥ በኋላም በዚያው ግድግዳ ውስጥ ወገን በወገኑ ላይ ያደረገውን ጭምር ዐውቆ ቢወጣ ግን፥ ግምቡ በእውነት ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ለዚህ ቀን የሚያበቃው ኖራውን የሚያበርድ ጠጋኝና እውነቱን የማይሸፍን አስጐብኚ በአንድነት ሲሠሩ ነው።